የአስቸጋሪ ተሳፋሪ አያያዝ፦ ለጀማሪ የበረራ አስተናጋጆች

የበረራ አስተናጋጅ አውሮፕላን ውስጥ የሚመደበው በመጀመሪያ ደረጃ ለተሳፋሪው ደኅንነት ነው፤ ምግብና መጠጥ ማቅረቡ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ይሁንና ተሳፋሪው በደኅናው ጊዜ የሚያየው ትሮሊ ሲገፋና ብርጭቆ ሲሰበሰብ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ምግብ ቤት የተቀመጠ ይመስል እያጨበጨበ ይጠራል፤ ሌላው የአስተናጋጇን የደንብ ልብስ ጫፍ እየጎተተ «ስሚ አንቺ!» ይላል፤ አንዳንዷ ደግሞ ምግብ በማደል ላይ ላለችው አስተናጋጅ የሕፃን ዳይፐር በእጇ ታስጨብጣታለች። እንዲህ ያለውን ጠባይ ከራስ ክብርም ከሥራው ሥርዓትም ሳይወጡ መያዝ የሚማሩት ነገር ነው። በእኔ እምነት ዋናው ብልሃት ባለጌው ሰው በሌሎች ፊት ሳያፍር ወደ ኋላ የሚመለስበትን መንገድ ክፍት መተው ነው። ደኅንነትን በሚነካ ጉዳይ ላይ ግን ይህ መንገድ መዘጋቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ባለጌነትን ከአደጋ መለየት ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የተሳፋሪን ረብሻ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ አንደኛው በአብዛኛው በቃል የሚፈጸም ሁከት፣ ሁለተኛው አካላዊ ጥቃት፣ ሦስተኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ድርጊት፣ አራተኛው ወደ አብራሪዎች ክፍል ለመግባት መሞከር ወይም መግባት ነው። በየዕለቱ የሚያጋጥመው አብዛኛው ችግር አንደኛው ደረጃ ላይ እንኳ የማይደርስ ንጭንጭ፣ ግፊያና ንቀት ሲሆን፣ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ይህን እንደ ትልቅ አመፅ ቆጥረው በቁጣ ሲመልሱ፣ ወይም በተቃራኒው እውነተኛውን አደጋ እንደ ተራ ብልግና ቆጥረው ሲያልፉት ነው።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት

ብዙ ጠብ የሚጀመረው ተሳፋሪው ገና ሲገባ ነው። በሩ ላይ ቆመው «እንኳን ደህና መጡ» በሚሉባት ቅጽበት አረማመዱን፣ የመጠጥ ሽታውን፣ ከጓደኛው ጋር የያዘውን ጭቅጭቅ ልብ ይበሉ። የሰከረ ወይም ከመሬት ሠራተኞች ጋር እየተሰዳደበ የገባ ሰው ካዩ «ሲቀመጥ ይበርድለታል» ብለው አይለፉት፤ ወዲያውኑ ለካቢኑ ኃላፊ (ለአስተናጋጆቹ አለቃ) ይንገሩ። በአውሮፕላን ውስጥ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች እ.ኤ.አ. በ1963 በቶኪዮ የተፈረመው ስምምነት ለካፒቴኑ የሰጠው ልዩ ሥልጣን የሚጀምረው ተሳፋሪው ገብቶ የውጭ በሮች ሁሉ ሲዘጉ ሲሆን፣ የሚያበቃውም ለመውረድ ከበሮቹ አንዱ ሲከፈት ነው። በሩ ክፍት ሳለ ሰውየውን የመሬት ሠራተኞችና የአውሮፕላን ማረፊያው ጸጥታ አስከባሪዎች ሊረከቡት ይችላሉ፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ችግሩ አብሮዎት ይበራል።

በዚሁ ሰዓት ሊጠነቀቁበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከቤይሩት፣ ከሪያድ ወይም ከጅዳ ወደ አዲስ አበባ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርተው የሚመለሱ እህቶቻችን በብዛት ይሳፈራሉ፤ ብዙዎቹ አውሮፕላን የተሳፈሩት በሄዱበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር እንዴት እንደሚቆለፍ አለማወቅ፣ የጥሪ መብራቱን ሳያስቡት ደጋግሞ መጫን፣ ሻንጣን የአደጋ ጊዜ መውጫ አጠገብ ማስቀመጥ ካለማወቅ የሚመጣ እንጂ ባለጌነት አይደለም። እንዲህ ላለችው ተሳፋሪ አንድ ጊዜ ቀርቦ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማሳየት ይበቃል። ዓይኑን እያጉረጠረጠ የሚያስተናግድ ባልደረባ ካለ፣ በዚያ ሰዓት ባለጌው ተሳፋሪዋ አይደለችም።

የካቢኑ አየር ራሱም ሰውን ያስቆጣል። በበረራ ላይ የካቢኑ ግፊት ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ የሚስተካከል ሲሆን፣ የአየሩ እርጥበት በአብዛኛው ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከፍታው ለእኛ ሰው ብዙም አዲስ አይደለም፤ ድርቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የእግር መታጠፉ ግን ማንንም አይምሩም። ውኃ ሳይጠየቁ ማዞር ብዙ ንጭንጭ ያስቀራል።

ሰውን ሳያሳፍሩ መናገር

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በሚደረገው ረጅም በረራ ላይ እራት እየቀረበ ነው እንበል። ከፊት ያለው ጎልማሳ ወንበሩን እስከ መጨረሻው አዘንብሎ ተኝቷል፤ ከኋላው ያሉት አዛውንት ትሪያቸውን ማስቀመጫ አጥተው ወንበሩን በጉልበታቸው እየገፉ ይሳደባሉ። በመጀመሪያ ወደ አዛውንቱ ጠጋ ይበሉና «አባቴ፣ አሁን አስተካክልልዎታለሁ» ይበሏቸው፤ የተሰማ ሰው ግፊያውን ያቆማል። ቀጥለው ወደ ተኛው ሰው ጎንበስ ብለው፣ ሳይነኩት፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ምግብ እያቀረብን ስለሆነ ወንበርዎን ለጥቂት ደቂቃ ቀና ያድርጉልኝ፤ ትሪው እንደተነሣ መልሰው ማዘንበል ይችላሉ» ይበሉት። «ከኋላዎ ያሉት ሰው ቅሬታ አቅርበዋል» ማለት አያስፈልግም። እንዲህ ካሉ ሁለቱን ሰዎች ያጋጫሉ፤ ምክንያቱን ምግቡ ካደረጉት ግን ማንም አልተሸነፈም። «ለዚህ ወንበር ከፍያለሁ!» ቢልዎ፣ «ልክ ነዎት፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው፤ የምለምንዎ ለምግቡ ሰዓት ብቻ ነው» ብለው መልሱን ይጠብቁ። እሺ ካለ አመስግነው ይሂዱ፤ በድል አድራጊነት ቆመው አይመልከቱት። እንቢ ካለ ለአዛውንቱ ሌላ ባዶ ወንበር ይፈልጉላቸው፤ ከሌለም ጉዳዩን ለኃላፊዎ ያስተላልፉ እንጂ አንድን ጥያቄ አሥር ጊዜ እየደጋገሙ አይጨቃጨቁ።

ከዚህ ምሳሌ የሚወሰደው አነጋገር ለአብዛኛው ጉዳይ ይሠራል፤ ስልኩን ያለ ጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ ለሚያሰማው፣ ባዶ እግሩን የፊተኛው ሰው ክንድ ማሳረፊያ ላይ ለሚያሳርፈው፣ የሰው መቀመጫ ይዞ «እስቲ ተባበሪኝ» ለሚለው። ድምፅዎን ከእሱ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፤ ከላይ ወደ ታች ከመናገር ይልቅ ፊቱን በሚያዩበት ከፍታ ጎንበስ ይበሉ፤ እጅዎ ወገብዎ ላይ አይሁን። እሱ «አንቺ» ቢልም እርስዎ «እርስዎ» ማለትዎን ይቀጥሉ። (በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ወጣት ሁሉንም ሰው «አንቺ» እና «አንተ» ቢል በአብዛኛው አማርኛው እዚያ ድረስ ስለሆነ ነውና አይቆጡት።) «ይረጋጉ» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ በእሱ የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም። «ሕጉ ነው» ብሎ ማቆምም አይበቃም፤ ምክንያቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት።

የጾም ምግብ ሲያልቅ የሚነሣው ቁጣ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ትሮሊው ሠላሳኛው ረድፍ ሳይደርስ የጾሙ ምግብ እንደሚያልቅ ካወቁ ቀድመው ለባልደረቦችዎ ይንገሩ፣ ከሌላው ጋሊ (የምግብ ማዘጋጃ ክፍል) ይጠይቁ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ሰላጣ ያሰባስቡ። ለጿሚ ሰው «ሥጋውን ላንሣልዎት?» ማለት ከስድብ አይተናነስም። «ይቅርታ፣ ያለን ይህ ነው፤ ቅሬታዎን እመዘግባለሁ» ብሎ በእርግጥም መመዝገብ ይሻላል።

መጠጥ

መጠጥን በተመለከተ ቀስ በቀስ ማዘግየት በድንገት ከመከልከል ይሻላል። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲያቀርቡ ውኃና የሚበላ ነገር ይጨምሩ፤ ሦስተኛውን ሲጠይቅ «ምግቡን ካዳረስን በኋላ አመጣልዎታለሁ» ይበሉ። ማቆም እንዳለበት ከወሰናችሁ ውሳኔው የሁላችሁም ይሁን፤ ከፊት የተከለከለ ሰው ወደ ኋላኛው ጋሊ ሄዶ ከሌላ አስተናጋጅ መጠየቁ የተለመደ ስለሆነ፣ የመቀመጫ ቁጥሩ ለሁሉም መነገር አለበት። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የገዛውን ጠርሙስ በድብቅ የሚጠጣውን ሰው ደግሞ በንቃት ይከታተሉ። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ አየር መንገዱ ያላቀረበለትን አልኮል ማንም በአውሮፕላን ውስጥ መጠጣት አይችልም፤ የሰከረ ለሚመስል ሰው መቅዳትም ክልክል ነው። ጠርሙሱን ከእጁ ከመንጠቅ ይልቅ «እስክናርፍ እኛ እናስቀምጥልዎት፣ ሲወርዱ ይረከባሉ» ቢሉት ብዙ ጊዜ ያስረክባል።

መደራደር የማይቻልበት

እዚህ ላይ አነጋገሩ ይለወጣል። ቀበቶ፣ ሲጋራ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ አውሮፕላኑ ሳይቆም መነሣትና እጁን በሰው ላይ የሚያሳርፍ ተሳፋሪ በልመና የሚታለፉ አይደሉም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ለሚያጨሰው ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 የብራዚሉ የቫሪግ አየር መንገድ አውሮፕላን ፓሪስ አጠገብ ተገዶ ሲያርፍ 123 ሰዎች የሞቱት ከመጸዳጃ ቤት በተነሣ እሳት ሲሆን፣ ለእሳቱ የተገመተው መነሻም ሲጋራ ነበር። ለዚህም ነው ማጨስ በተከለከለበት አውሮፕላን እንኳ የሲጋራ መተርኮሻ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የሚገኘው፤ ክልከላውን የጣሰ ሰው ሲጋራውን ወረቀት ያለበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይጥለው ነው። እንዲህ ያለው ድርጊት ሲያጋጥም በመጀመሪያ ሲጋራው የት እንዳለ ይፈልጉ፣ ቆሻሻ መጣያውን ይፈትሹ፣ ለካፒቴኑ ያሳውቁ፤ ተግሣጹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጎማው ቦሌ መሬት እንደነካ ተነሥቶ ሻንጣ የሚያወርደውን ተሳፋሪ በተመለከተ አጭርና ጠንካራ ትእዛዝ ይስጡ፦ «ይቀመጡ! አውሮፕላኑ እየሄደ ነው!» እርስዎ ግን ከወንበርዎ ተነሥተው አይሩጡ፤ ፍሬን ቢያዝ የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። ሻንጣን መተው ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ቢኖርብዎ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ በእሳት የተያያዘውን የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ያስታውሱ፤ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጥተዋል፣ ሠራተኞቹም ሻንጣ ይዞ መውጣትን ከልክለው ነበር።

አስተናጋጅን ሆን ብሎ የሚነካ ሰው ሲያጋጥም ዝቅ ያለው ድምፅ ቦታ የለውም። «እጅዎን ያንሡ። ሁለተኛ እንዳይነኩኝ» የሚለው ለአጎራባች ረድፎች በሚሰማ ድምፅ መነገር አለበት፤ ይሉኝታው ለእሱ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ከዚያ ያንን ረድፍ ሌላ ባልደረባ ይረከብልዎት። ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ «ሳያስበው ነው፣ ተይው» የሚለውን ምክር እባካችሁ ለጀማሪዋ አትስጡ።

ነገሩ ሲከር

ሁለት ጊዜ የተነገረው ተሳፋሪ ካልሰማ ሦስተኛው ንግግር ከካቢኑ ኃላፊ ይምጣ። ሰው መለወጡ ብቻውን ብዙ ቁጣ ያበርዳል፤ ከእርስዎ ጋር እልህ የተጋባ ሰው ለአዲስ ፊት እሺ ማለት ይቀለዋል። ሲነጋገሩ ሁለተኛ ባልደረባ በጥቂት እርምጃ ርቀት ይቁም፤ ከዚህ በላይ ከተሰበሰባችሁ ግን ከበባ ይመስላል። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ካለ ካሜራውን ለመንጠቅ አይሞክሩ፤ የሚናገሩትን ሁሉ እንደሚቀረጽ ሆነው ይናገሩ። ለካፒቴኑ ሲደውሉ የመቀመጫ ቁጥሩን፣ ሰውየው ያደረገውን፣ እናንተ የወሰዳችሁትን እርምጃና የምትፈልጉትን ውሳኔ ባጭሩ ይናገሩ። አውሮፕላኑ ከ10,000 ጫማ በታች እየወጣ ወይም እየወረደ ከሆነ ግን ደኅንነትን በማይነካ ጭቅጭቅ አብራሪዎችን አያውኩ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠትም ሆነ ሰውን ማሰር በካፒቴኑ ፈቃድ የሚፈጸም ነው። ሆኖም የቶኪዮው ስምምነት ለአውሮፕላኑ ወይም ለሰዎች ደኅንነት ወዲያውኑ ማድረግ የግድ ሲሆን፣ ሠራተኛም ሆነ ተሳፋሪ ያለ ፈቃድ ምክንያታዊ የመከላከያ እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ይህ ለሁለተኛው ደረጃና ከዚያ በላይ ላለው የተሰጠ እንጂ አፉን ላልዘጋ ተሳፋሪ ማሰሪያ ለማውጣት ምክንያት አይሆንም።

ማስታወሻ መያዝ የሚጀመረው ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ እዚያው ጋሊ ውስጥ ነው። «ሰክሮ ነበር»፣ «ባለጌ ነው» የሚሉ ፍርዶች ለፖሊስ አይጠቅሙም፤ «በ34 ሲ የተቀመጠው ሰው፣ አራት ብርጭቆ ወይን ከጠጣ በኋላ፣ ቃላቱ እየተያያዙበት፣ የባልደረባዬን ክንድ ያዘ፤ 34 ቢ እና 35 ሲ አይተዋል» የሚለው ይጠቅማል። የተሰደበውን ስድብ ቃል በቃል ይጻፉት፣ አይሸፋፍኑት። እ.ኤ.አ. በ2014 በሞንትሪያል የጸደቀውና በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የቶኪዮው ስምምነት ማሻሻያ ፕሮቶኮል አውሮፕላኑ ያረፈበት አገርም ጉዳዩን እንዲያይ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ስለዚህ በተቀበሉት አገሮች ውስጥ አውሮፕላኑ በሌላ አገር የተመዘገበ መሆኑ እንደ ቀድሞው ማምለጫ አይሆንም። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ቃል የሚሰጠው ሠራተኛ ቀጣዩን በረራ ይዞ ስለሚሄድ ነው። ወደ ሆቴል የሚወስዳችሁ መኪና ውጭ እየጠበቀ ቢሆንም ለፖሊስ ቃልዎን ሰጥተውና የሪፖርቱን ቅጂ ለካቢኑ ኃላፊ አስረክበው ይውጡ።