ስቲከር ታርጋ በላንድክሩዘርና በፒካፕ ላይ፦ ለምን እንደማይሆን፣ ታርጋውስ እንዴት እንደሚታሰር

ከጅማ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ጌራ የሚመላለስ መኪና ላይ ቡል ባር (ከፊት የሚታሰር የቧንቧ መከላከያ) እና ዊንች (መኪናን ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣ የገመድ ማሽን) ማስገጠም የተለመደ ነው። ጣጣው የሚመጣው ዊንቹ ከገባ በኋላ ለፊት ታርጋ ቦታ ሲጠፋ ነው። ያኔ አንድ ሰው አይጠፋም፤ “ታርጋውን አውልቀህ ቁጥሩን ኮፈኑ ላይ በስቲከር አስለጥፈው፣ ውጭ አገር እንዲህ ነው የሚያደርጉት” ይላል። ስቲከር ቤቱም ኮዱን፣ “ኦሮ” የሚለውን ፊደልና ጠርዙን ጨምሮ ቁርጥ ታርጋ አስመስሎ ያወጣዋል።

አይሆንም። ምክንያቱን መረዳት ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው የቱ ስቲከር ችግር እንደሌለው፣ የቱ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚያደርስ ራሱ ይለያል።

“ውጭ አገር” የሚባለው በአብዛኛው እንግሊዝ ነው። እዚያ መንግሥት ለባለመኪናው የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ሰሌዳውን የሚሠራው የተመዘገበ ሱቅ ነው፤ ስለዚህ ተለጣፊ ሰሌዳም ቢሆን መስፈርቱን ካሟላ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። መስፈርቱ ግን ቀላል አይደለም። ፊደሉ 79 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በፊደልና በፊደል መካከል 11 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቢጫ ሆኖ ብርሃን ማንጸባረቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ የሚገጠም አዲስ ሰሌዳ ደግሞ ቢ ኤስ ኤ ዩ 145 ኢ የተባለውን ደረጃ ማሟላትና የሠሪውን መለያ መያዝ ግድ ነው። ፊደሉን አሳንሶ ኮፈን ላይ የለጠፈ እዚያም እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ስቲከር ታርጋ በሚያሳዩት ቪዲዮዎች ላይ ይህ አይነገርም።

እኛ ዘንድ ነገሩ ከሥሩ ይለያል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሰሌዳውን የሚሰጠው መዝጋቢው አካል ራሱ ነው። የተሰጣችሁ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ስቲከሩ የቱንም ያህል በጥራት ቢታተም ታርጋ አይባልም። እውነተኛው ታርጋ ጋቢና ውስጥ ወይም ቤት ተቀምጦ ከሆነ መኪናው ያለ ታርጋ እየሄደ ነው። ስቲከሩ ቀለሙን፣ ኮዱንና የክልሉን ፊደል አስመስሎ ከተሠራ ደግሞ ጉዳዩ ከትራፊክ ቅጣት ያልፍና የሐሰተኛ ታርጋ ጥያቄ ይሆናል፤ ያ በወንጀል ያስጠይቃል። “ቁጥሩ እኮ የራሴ ነው” የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም። (ትራፊክ ፖሊስ ለጥፋት ታርጋ እንደሚፈታም አትርሱ። ስቲከር የሚፈታ ብሎን የለውም፤ ክርክሩ ከዚያው ይጀምራል።)

መንገዱ ጠጠር ወይም የገጠር መንገድ ስለሆነ የሚቀር ነገር የለም። መኪና የሚመላለስበት መንገድ መንገድ ነው። ከእርሻ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለመድረስ አስፋልት የሚያቋርጥ ትራክተርም ታርጋ ያስፈልገዋል።

ችግር የሌለበትስ? የጭነት መኪኖችና ሚኒባሶች በርና ጎናቸው ላይ ቁጥራቸውን እንደሚያስጽፉት፣ እናንተም በበሩ ወይም በካሶኒው ጎን ቁጥሩን በተራ ጽሑፍ ማስጻፍ ትችላላችሁ። ጠርዝ፣ የኮድ ክብና የታርጋ ቀለም አይኑረው፤ ሁለቱም ታርጋዎች ደግሞ በቦታቸው ይኑሩ። የደበዘዘ ፊደልን በስቲከር መቀጠል፣ ታርጋው ላይ ጥቁር ፕላስቲክ መሸፈን፣ ቁጥር የሚሸፍን ፍሬም መግጠም ግን በፍጹም አይሞከርም።

እውነተኛውን ታርጋ በማጣበቂያ መለጠፍስ?

ይህ የተሻለ ጥያቄ ነው፤ ታርጋው እውነተኛ ነውና። ድክመቱ ያለው ማጣበቂያው ላይ ነው። ጠንካራ የሚባለው የ3ኤም ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። የሚለጠፍበት ቦታ በአልኮል ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ በክረምት ጠዋት ቀዝቃዛና እርጥብ ብረት ላይ ተለጥፎ ወዲያው ጭቃ ውስጥ የገባ ቴፕ ቀኑን አይጨርስም። ሸካራ ጥቁር ፕላስቲክ ፓራውልት ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይዝም። ቴፕ ከብሎን ጋር ሆኖ ንዝረት ለመቀነስ ይጠቅማል፤ ብቻውን አይታመንም።

የፊቱን ታርጋ ማሰር

ጅማ ዙሪያ የፊት ታርጋ በብዛት የሚጠፋው ወንዝ ሲሻገሩ ነው። መኪናው ውሃውን ሲገፋ ውሃው በታርጋውና በቡል ባሩ መካከል ባለው ክፍተት ይገባል፤ ታርጋውን ከጀርባ ያጥፈውና ቀዳዳው ላይ ይቀደዋል። ሁለተኛው ጠላት ሸንተረር የበዛበት ጠጠር መንገድ ነው፤ ስሱ አልሙኒየም ያለ ድጋፍ ሲንቀጠቀጥ በብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ከጀርባው ሙሉ ላሜራ ማድረግ።

2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ከታርጋው በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር አስበልጣችሁ አስቆርጡ። ማዕዘኖቹን በሞረድ አድቦልቡሉ፤ ሹል ጫፍ እግረኛ ይቆርጣል። ቀዳዳዎቹን ራሱን ታርጋውን አስደግፋችሁ ምልክት አድርጉ እንጂ በሜትር አትገምቱ። ታርጋው ላይ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም፤ ነባሮቹ ይበቃሉ። ለ6 ሚሊ ብሎን ላሜራውን በ7 ሚሊ ብሱት፤ ያች አንድ ሚሊ ብረቱ በፀሐይ ሲለጠጥ ታርጋው እንዳይጎብጥ ታደርጋለች። ከዚያ ዝገት የሚከላከል ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ የቀዳዳዎቹን ውስጥ ጭምር።

ላሜራውን ቡል ባሩ ላይ ማስበየድ ካስፈለገ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ላይ ባትሪ ሳይነቀል መበየድ ከታርጋው እጅግ የሚበልጥ ወጪ ያመጣል። ብየዳ ካልፈለጋችሁ የቧንቧውን ውፍረት ለክታችሁ በሁለት ዩ ቅርጽ ብሎን ማሰር ይቻላል፤ ሲጋጭም ለመቀየር ይቀላል።

አገጣጠሙ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ 20 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የማይዝግ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ስስ ጎማ፣ ታርጋው፣ ካረጀ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ስፋት ያለው ማሰሪያ በላይና በታች ጠርዝ ርዝመት፣ ላሜራው፣ ሮንዴላ፣ በመጨረሻም ናይለን ያለው ዳዶ። ጎማው ሁለት ሥራ አለው፤ ንዝረት ያበርዳል፣ አልሙኒየሙና ብረቱ በእርጥበት ተነካክተው እንዳይበላሉ ይለያያል። በ10 ቁልፍ ጎማው ትንሽ ወጣ እስኪል ብቻ አጥብቁ። ከዚያ በላይ የጠበቀ ብሎን አልሙኒየሙን ያጎደጉደዋል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል። የመጀመሪያውን ጠጠር መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ፈትሹት። ሪቬት ተዉት፤ ታርጋ መፈታት ያለበት ቀን ሲመጣ በትራፓኖ መብሳት የግድ ይሆናል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ታርጋው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይይ፤ መብራት አይሸፍን። ራዲያተሩ ፊት ለፊት ማንጠልጠል ቀላል ይመስላል፣ ግን የግቤን ዳገት በጭነት ሲወጡ አየሩን ይከለክላል፣ ውሃ ያፈላል። ዊንች ያለው መኪና ላይ ተመራጩ ከዊንቹ በላይ ያለው የቡል ባሩ ቧንቧ ነው። በማጠፊያ ወደ ላይ የሚገለበጥ መያዣም ይሠራል፤ ነገር ግን በጉዞ ላይ በብሎን መቆለፍ አለበት። በራሱ የሚገለበጥ ታርጋ ሆን ተብሎ የተደበቀ ይመስላል፣ ለማስረዳትም አይመችም።

የኋላው

ስኮርታ ጎማ ከኋላ በር ላይ ሲሰቀል ወይም የብረት ፓራውልት ሲቀየር ታርጋው ይዛወራል፣ መብራቱ ግን የድሮ ቦታው ይቀራል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ታርጋው ከተዛወረ ነጭ መብራቱም አብሮት ይሂድ፤ 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል ይበቃል። ፖዘቲቩን ከኋላ አነስተኛ መብራት ላይ ውሰዱ፣ ኔጌቲቩን ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ እሰሩ፣ ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አድርጉ። ቀለበት ከሌለ ሽቦው ይላጣና ፊውዝ ይበላል፤ ከዚያ የኋላ መብራቶቹ በሙሉ ይጠፋሉ። መብራቱ ታርጋው ላይ ይውረድ እንጂ ወደ ኋላ አይብራ።

ቡና የጫነ ፒካፕ ላይ ደግሞ ሸራው ተንጠልጥሎ ታርጋውን ይጋርደዋል። ሸራውን ከታርጋው በላይ እሰሩት።

የጅማ ቀይ ጭቃ ሲደርቅ ቁጥሩን ይውጠዋል። ኬላ ከመድረሳችሁ በፊት በውሃና በጨርቅ ይታጠባል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቲነር፣ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ ቀለሙንና አንጸባራቂውን ሽፋን ስለሚያነሱ አይነኩትም። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ውሃም ቢያንስ ከ30 ሳንቲም ርቀት ይረጭ፣ ጠርዝ ጠርዙን አትምቱት።

ለሞተር ሳይክል የኋላው ብቻ ነው። ጭራው ተቆርጦ ታርጋው በቀጭን ብረት ከተንጠለጠለ በንዝረት መሰበሩ አይቀርም፤ መያዣው ከ3 ሚሊ ላሜራ ይሠራ።

ታርጋ ወንዝ ከወሰደው

መጀመሪያ ከመሻገሪያው በታች ጥልቀት በሌለው ዳር ፈልጉ፤ ብረት ስለሆነ ብዙ ርቀት አይሄድም። ካልተገኘ በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክታችሁ የጽሑፍ ማስረጃ ውሰዱ፤ ያ ቁጥር በሌላ መኪና ላይ ወንጀል ቢሠራበት የመጀመሪያው መከላከያችሁ የማመልከቻው ቀን ነው። ከዚያ ማስረጃውን፣ ሊብሬውን፣ መታወቂያችሁንና የቀረውን አንዱን ታርጋ ይዛችሁ መኪናው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ቀድማችሁ ጨርሱት። ምትኩ እስኪመጣ ድረስ ክፍተቱን በስቲከር አትሙሉት፤ የጠፋው ታርጋ ጉዳይ ቀላል ነበር፣ ስቲከሩ ግን ሌላ ፋይል ይከፍታል።