ክኒን፣ ምክክር ወይስ ጠበል? ለድብርት የሚስማማዎትን ሕክምና እንዴት ያገኛሉ

እህቴ በድብርት የታመመች ጊዜ እናቴ ጠበል አለች፣ ታላቅ ወንድሜ ሐኪም ቤት አለ፣ እኔ ደግሞ ሥራ ብትለውጥ ይሻላታል ባይ ነበርኩ። ሁላችንም በየፊናችን ስንጎትታት አራት ወር አለፈ። በመጨረሻ ያዳናት የሁሉም ቅንጅት ነው፤ ቅንጅቱን እንዴት እንዳገኘነው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ። ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥቶ መጀመር ይቻላል፤ ካስፈለገ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ሪፈር ይጽፉልዎታል። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ድብርት መስለው ሊመጡ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ይጠይቁ። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያምርዎት ቀናት የሰነበቱበት፣ ከልክ በላይ የፈነጠዙበት፣ ገንዘብ የበተኑበት ጊዜ ካለ ባይጠየቁም ይናገሩ። ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ እየፈነጠዘ፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት ሕመም) ከሆነ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ጫትና መጠጥም አይደበቅ።

ቀጥሎ ደብተር ይግዙ። እህቴ በየማታው ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ መብላቷን፣ ከቤት መውጣቷንና ስሜቷ ከ10 ስንት እንደሆነ ትጽፍ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ «ዛሬ ቡና አፈላሁ። 3» ይላል። ከታመመች ወዲህ በእጇ ያፈላችው የመጀመሪያ ቡና ነበር፤ ቁጥሩ ግን ገና 3 ነው። ሐኪሟ የመድኃኒቷን መጠን የጨመረላት ያንን ደብተር አገላብጦ ነው።

ከዚያ ሕክምናውን አንድ በአንድ ይጨምሩ። ቀለል ላለ ድብርት ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ለከባዱ መድኃኒትና ምክክር አብረው ሲሄዱ ይሻላል። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱና መቁነጥነጡ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀድማል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ሐኪሙን ሳታናግሩ አትተዉት። ታማሚው ከ25 ዓመት በታች ከሆነ በእነዚህ ሳምንታት ቤተሰብ በቅርብ ይከታተለው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሰው ይዘው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ምክክሩም እንደ ክኒኑ ላይስማማ ይችላል። እህቴ የመጀመሪያዋ ባለሙያ ፊት አፏ አልተፈታም። ሁለተኛዋ በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ሥራ ትሰጣት ነበር፤ እስከ ታክሲ ተራ በእግር መሄድ፣ አንዲት ጓደኛ ላይ መደወል። ቁጥሩ ከ5 ያለፈው ያኔ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ እናቴ ልክ ነበረች። ጸሎቱ፣ ማለዳ መነሳቱ፣ ከሰው ጋር መዋሉ ጠቅሟታል። ጥፋታችን መጀመሪያ ስትሄድ ክኒኑን ማስቆማችን ነው፤ እንቅልፍ አጥታ ተመለሰች። ሁለተኛ ጊዜ ክኒኑ በቦርሳዋ ሄደ። በጾም ምክንያት የመዋጫው ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ አስቀድመው ሐኪሙን ያማክሩ። በተለይ ሊቲየም (በአብዛኛው ለባይፖላር የሚታዘዝ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ በአደገኛ መጠን ሊጠራቀም ይችላል።

ሲሻልዎት ወዲያው አያቁሙ። ከዳኑ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ ሕመሙ ከዚህ ቀደም ተመላልሶ ከነበረ ከዚያም ይረዝማል። ማቆሙም ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ክትትል ነው። እህቴ መጠኑን መቀነስ የጀመረች ዕለት ያንን ደብተር ከመሳቢያ አውጥታ አዲስ ገጽ ላይ ቀን ጻፈችበት።