መድኃኒት ረጭተን አረሙ ለምን አልሞተም?

በጎንደር ዙሪያ ክረምት ሲገባ «የሸጡልን መድኃኒት ፎርጅድ ነው» የሚል ወሬ ይበዛል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ማሳ ገብታችሁ የቱ አረም እንደሞተ፣ የቱ እንደቀረ እዩ።

ጤፉ ላይ ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ አረም (2,4-D) ተረጭቶ መጩ ደርቋል፣ ሙጃው ግን ቆሟል። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ቱፎርዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው። ጤፍም ሙጃም የሳር ዘር ናቸው፤ ጤፉን የማረ ሙጃውንም ይምረዋል። መጠን ብትጨምሩ የሚጎዳው ጤፉ ነው። ሙጃውን ዘር ሳይጥል በእጅ ንቀሉት።

ከዘር በፊት ሳሩንም ሰፋፊ ቅጠሉንም የሚገድለው ራውንድአፕ ተረጭቶ አረሙ አረንጓዴ ነው። ቀኑ ገና ከሆነ ታገሡ፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ካለፈ መድኃኒቱን የበጠበጣችሁበትን ውሃ ጠርጥሩ። የመገጭ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ ነው የሚወርደው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጭቃው ላይ ይጣበቅና አረሙ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ንጹህ የዝናብ ውሃ በጣም ጥሩ ነው። ዝናቡ ከሰዓት የሚጥል ከሆነ ጠዋት፣ ጤዛው እንደረገፈ ርጩ።

ሽምብራው ወይም በርበሬው ቅጠሉ ተጠምዝዟል፣ ግንዱ ተጣሟል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ባለማሳው ያሰበው ሰብሉን ከትል ለማዳን ነው። መርጫው ጤፍ ላይ ቱፎርዲ ከተረጨበት በኋላ፣ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ለጎረቤት ይሰጣል። ቱፎርዲ ግን በአንድ ማለቅለቅ አይለቅም። ቱቦው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ነገር ለሽምብራ ትበቃለች። ጉዳቱ በአንድ ጥግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ንፋስ ከጎረቤት ማሳ አምጥቶት ይሆናል።

አንዴ ለተጎዳው ማርከሻ የለውም። ቀለል ያለው ቀስ ብሎ ያገግማል፤ ሌላ መድኃኒት አትጨምሩበት። ትክክለኛው መፍትሄ ለፀረ አረም ብቻ የሚሆን መርጫ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሁለት መግዛት ከከበደ ከጎረቤት ጋር ተዋጡ፣ ምልክትም ቀቡበት። እጣቢው ወንዝ ዳር አይደፋ፤ ከብትም ሰውም ይጠጣዋል።

መጠኑም በጠርሙስ ክዳን ግምት አይሁን። ማሸጊያው ላይ ለሄክታር 1 ሊትር፣ ውሃው 200 ሊትር ከተባለ፣ ባለ 16 ሊትር መርጫ የሚወስደው 80 ሚሊ ሊትር ነው።

ማሽላው ቀጭጯል፣ ሥሩ ላይ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም አብቧል። አቀንጭራ ከመሬት ሳይወጣ ሥር ለሥር ሲመጥ ስለቆየ፣ አሁን መርጨት የዘንድሮውን ምርት አይመልስም። ዘር እንዳይበትን ንቀሉት። በሚቀጥለው ዓመት ሰሊጥ ወይም ጥጥ ዝሩበት፤ የአቀንጭራውን ዘር ያበቅሉታል፣ ግን ስለማይመግቡት ይሞታል። ወደ ማሽላ ስትመለሱ ጎብዬ ወይም አብሽር የሚባሉትን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ፈልጉ።