64 የቡና ፎቶዎች ለውድድር ወደ 10 ሲወርዱ

ከጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ 64 ፎቶዎች አሉ። የውድድሩ ደንብ ግን ቢበዛ 10፣ ረጅሙ ጎን 3000 ፒክስል፣ እያንዳንዱ ከ5 ሜጋባይት በታች ይላል።

ምርጥ ምርጡን መልቀም አልሠራም። ከተመረጡት አሥር ስድስቱ እሸት ቡና የያዘ እጅ ነበሩ፤ ዳኛ ሁለተኛውን እጅ ሲያይ አዲስ ነገር አያገኝም። መፍትሔው ርዕሱን ማጥበብ ሆነ፦ «ቡና በጅማ» ቀርቶ እሸቱ ከማድረቂያ አልጋ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሆኖ እስከ መፈልፈያ የሚሄድበት መንገድ ብቻ። ሁሉም በ10 በ15 ሳንቲሜትር ታትመው ወለል ላይ ተዘረጉ። ከወለሉ ሲነሳ ታሪኩን የማያጎድል ፎቶ ከምርጫው ወጣ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ወጣ፤ ያሳዝናል፣ ግን ትክክል ነው።

ትልቁ ጣጣ ቀለሙ ነበር። የእሸቱ ቀይ ድረ ገጹ ላይ ሲጫን ደበዘዘ፤ ፋይሎቹ አዶቤ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ስለነበሩ ነው። በፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም ወደ ኤስአርጂቢ፣ ማለትም ወደ ድረ ገጾች የተለመደ የቀለም ክልል፣ «ኮንቨርት» ይደረግ እንጂ «አሳይን» አይደረግ። «ኮንቨርት» የቀለሙን ቁጥር ለአዲሱ ክልል አስልቶ ይለውጣል። «አሳይን» የቀለሙን ቁጥር ሳይነካ መለያውን ብቻ ስለሚቀይር ድብዘዛው ይቀራል። ከዚያ እንደ ጄፔግ ፋይል በጥራት 85 ይቀመጥ።

መግለጫው ላይ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ። ኅዳር 2017 እንዳለ ከተላከ የቅርቡ ሥራ የሰባት ዓመት አሮጌ ይመስላል።