ዘይቤን ከሥነ ጽሑፍ ዓይነቱ ጋር አዛምዶ መረዳት እንዴት ይቻላል?

ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ሆነው የተጣበቁ አንድ አዛውንት፣ ረዳቱ አሁንም «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል «ግድ የለም ልጄ፣ አልጋ ብታስገባም ይበቃናል» ብለው መለሱለት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ለመሳቅ ግን እንዲህ የልብን በተቃራኒው መናገር ምጸት እንደሚባል ማወቅ ማንንም አላስፈለገውም። ዘይቤን፣ ማለትም ነገርን ከቃል በቃል ፍቺው ወጣ አድርጎ የመግለጫ መንገድን፣ መለየት የሚፈልግ ሰው መነሣት ያለበት ከዚህ ነው፤ ስሞቹን ሸምድዶ ምሳሌ ፍለጋ ከመውጣት ይልቅ፣ የሰማውን ወይም ያነበበውን ዐረፍተ ነገር ይዞ ስሙን ኋላ መፈለግ ይሻለዋል።

በመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ይውሰዱትና እውነት ሊሆን ይችል እንደሆነ ይመርምሩ። «ታክሲ ስጠብቅ ሸበትኩ» ያለ ሰው ፀጉሩ አልነጣም፤ ስለዚህ ነገሩ ግነት ነው። «መብራት ሄደ» ስንልም መብራቱን እግር ሰጥተነዋል፤ ሆኖም አባባሉ ከመለመዱ የተነሣ ዘይቤነቱ ደንዝዟልና፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ መመዝገብ በእኔ አስተያየት ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ፣ ንጽጽር ካለ ንጽጽሩ የቆመበትን ቃል ይፈልጉ። «የሰፈራችን ጭቃ እንደ ሙጫ ይይዛል» ቢባል ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ «እንደ» ወጥቶ «የሰፈራችን ጭቃ ሙጫ ነው» ቢባል ተለዋጭ ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «እንደ»ን ባየበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ያገኘ ስለሚመስለው ነው። «እንደ ነገርኩህ» ውስጥ ንጽጽር የለም፤ «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» የሚለውም የሁለት ሰዎችን እውነተኛ ቁመት ያስተያያል እንጂ በዓይነት የተለያዩ ነገሮችን አያመሳስልም። ሰውኛና እንቶኔም እንዲሁ ይምታታሉ። ስለ ዝናቡ «ዛሬ አኩርፎ ዋለ» ማለት ሰውኛ ሲሆን፣ ዝናቡን ራሱን «አንተ ዝናብ፣ ዛሬን እንኳ ማረን» ብሎ መማጸን ግን እንቶኔ ነው።

ሰምና ወርቅ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ሰም፣ ከሥሩ የተደበቀው ደግሞ ወርቅ የሚባልበት አነጋገር፣ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል። ለመለማመጃ ያህል የገጠምኳትን ይህችን ስንኝ እንመልከት፦

ቀትር ላይ ፀሐዩ ሜዳውን ሲበላ፣
ወዳጄ ተነሥታ ሄደች ይዛ ጥላ።

መጀመሪያ ስንኟን ድምፅ አውጥተው ያንብቧት፤ እያንዳንዱ መስመር በስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ክፍል፣ ለሁለት ስለሚከፈል የወል ቤት በሚባለው ምት ትሄዳለች። ከዚያ ሁለት ፍቺ የሚሸከመውን ኅብረ ቃል ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ወደ ስንኙ መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ «ጥላ» ነው። ሰሙ፣ ፀሐይ ስለ በረታ ወዳጄ ጥላዋን ይዛ መሄዷ ነው፤ ወርቁ ደግሞ እኔን ከያዘችኝ በኋላ ጥላኝ መሄዷ ነው። ሰሙ በራሱ የተሟላ ትርጉም ከሌለው ገጣሚው ወርቁን ለማግኘት ሲል ሰሙን ሰብሮታል ማለት ነውና፣ ስንኙን ደካማ ብሎ መፍረድ አግባብ ነው። «ሲበላ» የሚለው ፀሐይን በላተኛ ማድረጉንም ልብ ይሏል።

በመጨረሻ ጽሑፉ ከየትኛው ዘርፍ እንደሆነ ይለዩ። ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ የሥነ ቃል ዓይነቶች ናቸው። ግጥም፣ ተውኔት እና ልብ ወለድ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ዘርፎች ሲሆኑ፣ «ልብ ወለድ» የሚለው መጠሪያ ራሱ በ1900 ዓ.ም. ሮም ከታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተደርጎ ከሚቆጠረው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ርእስ ጋር የተያያዘ ነው።

ዘርፉን መለየት የሚጠቅመው አንድ ዘይቤ በየዘርፉ የሚሠራበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። የአዛውንቱ መልስ በልብ ወለድ ውስጥ ቢገባ ደራሲው ወንበሩን፣ ጭንቅንቁንና የረዳቱን ድምፅ አስቀድሞ መሣል ይኖርበታል፤ አለዚያ አንባቢ ምጸቱን እንደ ደግነት ሊወስደው ይችላል። በተውኔት ከሆነ ግን ተመልካች አራቱን ሰዎች ተጣብቀው በዓይኑ ስለሚያያቸው፣ ከአዛውንቱ የሚጠበቀው ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ያቺኑ መስመር መናገር ብቻ ነው።