የአካባቢ ኮድ ሲቀየር የቆየ የስልክ መዝገብ እንዴት ይስተካከላል

በቆየ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ይሰርዘዋል። ብዙ ጊዜ ግን ቁጥሩ አለ፤ የተቀየረው ከፊቱ ያለው የአካባቢ ኮድ ነው። ኮዶች የሚቀየሩባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ቁጥሩ መቼ እንደተጻፈና የትኛው ለውጥ እንደደረሰበት የለየ ሰው ዛሬ በምን እንደሚደወል ማውጣት ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው የለውጥ ምክንያት የቁጥር ማለቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ አንድ ቁጥር 10 አሃዝ አለው፦ 3 ለአካባቢ ኮድ፣ 3 ለማዞሪያ ጣቢያ (የአካባቢውን ስልኮች ለሚያገናኘው ማዕከል)፣ 4 ለደንበኛው። የጣቢያው ቁጥር በ0 ወይም በ1 አይጀምርም፤ እንደ 911 ያሉ በ11 የሚያልቁትም ለጣቢያ አይሰጡም። የሚቀሩት 792 ናቸው። እያንዳንዳቸው 10,000 ቁጥር ሲይዙ የአንድ ኮድ አቅም 7,920,000 ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁጥር ለስልክ ኩባንያዎች በ10,000 ጥቅል ይታደል ስለነበር 300 ደንበኛ ብቻ ያለውም ሙሉውን ጥቅል ይዞ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ጥቅሉ ወደ 1,000 የወረደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው መዝገቡ የተጻፈበትን ዓመት ከማወቅ ነው። ቀጥሎ ኮዱ ተከፍሏል ወይስ ሌላ ተደርቦበታል የሚለው ይጣራል። ሲከፈል ከግዛቱ ከፊሉ የድሮውን ኮድ ይዞ ይቀራል፣ ሌላው አዲስ ኮድ ያገኛል፤ 7ቱ አሃዞች ግን አይነኩም። ኒው ዮርክ ከተማ ሙሉ በሙሉ 212 ነበረች። በ1984 ብሩክሊን፣ ኩዊንስና ስታተን አይላንድ ወደ 718 ሄዱ፤ ብሮንክስ የተከተለው በ1992 ነው። ስለዚህ በ1988 የተጻፈ የብሮንክስ 212 ዛሬ 718 ይሆናል፣ የማንሃተኑ ግን እንዳለ ይቆያል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት 212ን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ መለወጥ ነው። ሲለወጥ መታየት ያለበት አድራሻው ነው፤ አድራሻ ከሌለ ከኮዱ ቀጥለው ያሉት 3 የጣቢያ አሃዞች ወሳኝ ናቸው፤ የክፍፍሉ ዝርዝር የሚወጣው በእነሱ ነውና።

ሲደረብ ግን በዚያው ግዛት ለአዳዲስ ቁጥሮች ሌላ ኮድ ይጨመራል እንጂ የማንም ነባር ቁጥር አይቀየርም። 917 በ1992 በኒው ዮርክ ላይ የተደረበ ኮድ ነው። ያለ ኮድ በ7 አሃዝ ብቻ የተመዘገበ ቁጥር ካለና የተጻፈው ከመደረቡ በፊት ከሆነ፣ የሚጨመርለት የዚያን ጊዜው ኮድ ነው፤ አዲሱን መጨመር እንግዳ ሰው ጋ ያስደውላል። ከመደረቡ በኋላ ከተጻፈ መገመት አያዋጣም፣ ባለቤቱ ይጠየቅ።

ሦስተኛው መንገድ አሃዝ መጨመር ነው፤ ከሁሉም የሚያደናግረውም እሱ ነው። ሎንዶን እስከ 1990 ድረስ 01 ነበረች፤ ያኔ መሃሉ 071፣ ዳርቻው 081 ሆነ። በ1995 በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከፊተኛው 0 ቀጥሎ 1 ሲገባ 0171 እና 0181 ሆኑ። በ2000 ሁለቱም ወደ 020 ተጠቃለሉ። ለምሳሌ ብቻ የተፈጠረውን 0171 946 0018ን እንመልከት፦ ዛሬ 020 7946 0018 ነው። የኮዱ መጨረሻ የነበረችው 7 ወደ ቁጥሩ ራስ ተሻግራለች። «0207» ብሎ መጻፍ ስህተት የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሎንዶን ውስጥ ካለ መደበኛ ስልክ 946 0018 ብቻ ቢደውሉ አይገባም፣ 7946 0018 ግን ይገባል። በ01 ዘመን የተጻፈ ከሆነ ደግሞ 7 ወይስ 8 የሚለውን ኮዱ ብቻውን አይነግርም፤ እንደገና ወደ ጣቢያው አሃዞች መመለስ ነው።

ሲመዘገብ ቁጥሩ በዓለም አቀፍ አጻጻፍ ይግባ፦ መደመር፣ የአገር ኮድ፣ ከዚያ የፊተኛው 0 የሌለበት ቁጥር፤ +44 20 7946 0018። +44 020 አይሠራም። ኤክሴል ላይ አስቀድሞ ዓምዱን ወደ ቴክስት ይቀይሩ፤ አለዚያ የፊቷን 0 ይውጣታል። የድሮውን ቁጥር አያጥፉ፣ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ።

ሙከራ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከክፍፍል በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በሁለቱም ኮድ ይደወላል፤ ከዚያ የተቀዳ መልእክት ይሰማል፤ በመጨረሻ የድሮው ኮድ ከነ7 አሃዙ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ጠራ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም።

በራሳቸው የሚደውሉ ዕቃዎችም ይረሳሉ፦ የማንቂያ ደወል፣ ፋክስ፣ የድርጅት ማዞሪያ (የቢሮውን ስልኮች የሚያገናኘው መሣሪያ)። በሰሜን አሜሪካ በ1947 ከወጡት 86 ኮዶች ጀምሮ የመሃሉ አሃዝ 0 ወይም 1 ብቻ ነበር፤ በ1995 334 እና 360 ሲመጡ በዚያ ሕግ የተቃኙ ማዞሪያዎች አዲሶቹን ኮዶች አላውቅም አሉ። 988 ለቀውስ እርዳታ መስመር ስለተመደበ ደግሞ፣ 988 የጣቢያ ቁጥር በሆነባቸው 82 ኮዶች በ2021 በ7 አሃዝ መደወል ቀረ። በ7 አሃዝ የተሞላ ማንቂያ ጥሪው አይሄድለትም፤ ለማንም አይናገርም። መዝገቡ ሲታረም የእነዚህም ቁጥር በ10 አሃዝ ይሞላና የሙከራ ጥሪ ይደረግ።