ዓባይ በረሃን ከመውረዳችሁ በፊት ስቴሽን ዋገናችሁን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

የአጎቴ ልጅ ያገለገለ ቅንጡ ስቴሽን ዋገን ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ይዞት መጣ። «ዙሪያውን ኤርባግ ነው» እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። ቁልፉን ስናዞር ግን የኤርባጉ መብራት ጭራሽ አልበራም። እሱ ደስ አለው፣ መካኒኩ ሳቀ።

መጀመሪያ ከዳሽቦርዱ ጀምሩ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግና የኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ይጠፋሉ። በርተው ከቀሩ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበሩ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ብልሽቱን ለመደበቅ አምፖሏን የነቀለ ሰው ሊኖር ይችላል። የእኛው እንዲያ ሆኖ ተገኘ፤ የመሪው ኤርባግ ድሮ ፈንድቶ ክዳኑ ብቻ ተለጥፏል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በኮምፒውተር አስፈትሹ።

ቀጥሎ ቀበቶ። እውነቱን ለመናገር ከኤርባጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ባለሦስት ነጥቡን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ኤርባግ እሱን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ የተተለተለ ወይም የተቆረጠ ቦታ ፈልጉ። ከዚያ በድንገት ጎተት ስታደርጉት ቀጥ ማለት አለበት። ስትለቁት የማይመለስ ከሆነ ምናልባት መኪናው አንዴ ተጋጭቷል። የኋላዎቹንም ሞክሩ፤ ኋላ ቀበቶ ሳያስር የተቀመጠ ሰው በግጭት ጊዜ የፊተኛው ላይ ነው የሚወረወረው። ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር የሕፃን ወንበር ደግሞ ኤርባጉ የሚሠራ የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይታሰርም።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። «የዛሬ መኪና ቆርቆሮ ነው፣ ትንሽ ሲነካ ይጨራመታል» ሲባል ሰምታችኋል። ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። ፊቱ እየታጠፈ የግጭቱን ኃይል ይውጣል፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ታዲያ አንዴ ታጥፎ ተቀጥቅጦ የተቃና ሻንሲ ሁለተኛ ጊዜ እንደታሰበው አይታጠፍም። ከፓራውልቱ ኋላ ያሉትን ብረቶች በእጅ ባትሪ እዩ፤ አዲስ ብየዳ፣ የተለየ ቀለም፣ ጭንቅላቱ የተፋቀ ብሎን ካለ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ጭነት ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ስቴሽን ዋገን እንደ ተራ አውቶሞቢል ኋላው አልተዘጋም፣ በዕቃውና በጭንቅላታችሁ መካከል ያለው የወንበር መደገፊያ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ስንመለስ ጤፉን፣ በርበሬውን፣ የማር ጀሪካኑን እስከ ጣሪያ እንከምራለን። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭት ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ በ80 ኪሎ ሜትር የምትበር ጀሪካን ማር መሆኗን አታውቅም። ከባዱን ከታች፣ ከኋላ ወንበር ጋር አስጠግታችሁ ጫኑ። ወለሉ ላይ ባሉት ቀለበቶች እሰሩት። ከመደገፊያው በላይ አትከምሩ፣ መረብ ካለው ዘርጉት።

መጨረሻ ቁልቁለቱ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ካረጀና ከጋለ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ያዙት፣ አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን በእጅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ ደህና ቦታ ቆማችሁ አቀዝቅዙ። በሬ ድንገት ከገባባችሁ ፍሬኑን በኃይል ርገጡ፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ ኤቢኤሱ እየሠራ ነው፣ እግራችሁን አታንሱ።

የአጎቴ ልጅ ኤርባጉን በስንት መከራ አስቀይሮታል። የፋሲካ በጉን ግን አሁን በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ነው የሚልከው።